ጎርፉ የማን ነበር? አዋሽ፣ መስኖ እና የድርቅ ፖለቲካ



አዋሽ ባሕር የማያይ ወንዝ ነው። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ከጊንጪ አካባቢ ደጋ ይነሣል፤ ቆቃ ላይ ይጠራቀማል፤ ወደ ስምጥ ሸለቆው ወርዶ ወንጂን፣ መተሐራን፣ አሚባራን፣ ገዋኔን እና ተንዳሆን ያልፍና አውሳ ላይ በረግረግና በሐይቆች ይበተናል። የመጨረሻ ማረፊያው በጅቡቲ ድንበር ያለው አቤ ሐይቅ ነው። ርዝመቱ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ስለ ዓባይ ስናወራ ካርቱምና ካይሮ አብረውን ያወራሉ። በአዋሽ ላይ ግን የምንካሰሰው እርስ በርሳችን ነው፤ ብዙም የማናነሣው ምናልባት ለዚህ ይሆናል።

ዛሬ ላስረዳ የምሞክረው አንድ ነገር ነው። ዝናብ ይቀራል፤ ያንን ማንም አያዝበትም። ዝናቡ በቀረ ዓመት ከብቱ የሚያልቅበት ማን እንደሚሆን ግን ድርቁ ከመግባቱ ከብዙ ዓመት በፊት፣ በደህናው ጊዜ፣ ካርታ በተዘረጋበት ጠረጴዛ ላይ ይወሰናል። የአዋሽ ሸለቆ ታሪክ ይህንን ከምንም በላይ በግልጽ ያሳያል ብዬ አምናለሁ።

ነገሩን ከጎርፉ እንጀምር። የአፋር አርብቶ አደር ዓመቱን የሚቆጥረው በሁለት ዝናብ ነው፤ ዋናው ካርማ ከሐምሌ እስከ መስከረም፣ ሱጉም ደግሞ በመጋቢትና በሚያዝያ። ካርማ ሲጥል መንጋው ከወንዙ ርቆ እንደ አላይደጌ ወዳሉት ሜዳዎች ይወጣል። ልክ በዚያው ወራት የሸዋና የወሎ ደጋ ዝናብ በአዋሽና በገባሮቹ ተጭኖ ይወርድና ወንዙ ከአፉ ሞልቶ ግራ ቀኙን ያለብሰዋል። ሜዳው ሲደርቅ ጎርፉም ይሸሻል። መንጋው ወደ ወንዙ ሲመለስ ውሃው የተኛበት መሬት በለምለም ሣር ተሸፍኖ ይጠብቀዋል። በዚያ ሣር እስከ ሱጉም ይቆያል። ሱጉም ከቀረም እዚያው እየተጠጋጋ እስከሚቀጥለው ካርማ ይታገሣል። የወንዙ ዳርቻ ለአፋሩ፣ ጎተራው ለደገኛው ገበሬ እንደሆነው ነው፤ ዋጋው የሚታወቀው በክፉ ቀን ነው።

በዚህ ሒሳብ ውስጥ ከውጭ ለሚያየው ሰው የሚሰወር ነገር አለ። በጎርፍ የሚረሰርሰው መሬት ከጠቅላላው የግጦሽ ምድር ጋር ሲነጻጸር ጠባብ ሰንበር ነው። አንድ ባለሥልጣን ከአውሮፕላን ቁልቁል ቢመለከት «ይህን ያህል ሰፊ በረሃ ላለው ሕዝብ ከወንዙ ዳር ጥቂት ሺህ ሄክታር ብንወስድበት ምን ይጎዳዋል?» ማለቱ አይቀርም። ነገር ግን የበጋውን ሣር ያጣ መንጋ የክረምቱንም ሜዳ ሊበላው አይችልም፤ እስከ ክረምት አይደርስማ! አንዱ ሄክታር ሲሄድ ብዙ ሄክታር አብሮት ከጥቅም ውጭ ይሆናል። ይህንን በጊዜው አጥብቆ የጻፈው በአፋሮች መካከል ኖሮ ያጠናው እንግሊዛዊው አንትሮፖሎጂስት ግሊን ፍለድ ነበር፤ እሱም እ.ኤ.አ. በ1975 እዚያው አፋር ምድር ተገደለ።

በመሐንዲሱ ዓይን ግን ያው ጎርፍ ባክኖ የሚቀር ውሃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960 የቆቃ ግድብ ተጠናቀቀ፤ የተሠራውም ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሣ ነው። የክረምቱን ውሃ ይዞ በበጋ እየለቀቀ 43 ሜጋዋት ያመነጫል። ቆይተውም ከግርጌው አዋሽ ሁለትና አዋሽ ሦስት ተጨመሩ። ለአዲስ አበባ መብራት መጣላት፤ ታችኛው ሸለቆ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ የማይዋዥቅ ውሃ አገኘ፤ የማይዋዥቅ ውሃ ደግሞ መስኖ የሚፈልገው ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን የሚባል መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅትም ተፋሰሱን አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1965 ሰነዱን አስረከበ። አፈሩ ተመደበ፣ ውሃው ተለካ፣ ቦዮቹ የት እንደሚያልፉ ተሠመረ።

ሕጉም ተዘጋጅቶ ነበር የጠበቀው። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 130 በማንም ስም ያልተያዘ ንብረት ሁሉ፣ የግጦሽ መሬትን፣ የወንዝ መውረጃንና ሐይቅን ጨምሮ፣ የመንግሥት እንደሆነ ይደነግጋል። እስቲ «በማንም ስም ያልተያዘ» የሚለውን ከአፋሩ ጎን ቆመን እናንብበው። ጎሳው የግጦሹን ወሰን ከዛፍ እስከ ድንጋይ ያውቀዋል፤ ማን በየትኛው ወር እንደሚገባበት፣ እንግዳ መንጋ ሲመጣ ማን እንደሚፈቅድለት ሥርዓት አለው። ያልነበረው ደብተር ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ፈጠነ። የኔዘርላንዱ ኩባንያ ኤች.ቪ.ኤ. እ.ኤ.አ. በ1954 ወንጂ ላይ ስኳር ማምረት ጀምሮ ነበር፤ ቀጥሎ መተሐራ ወረደና የከረዩ ኦሮሞዎች ከብት የሚያጠጡበትን ወንዝ ዳር አገዳ ሸፈነው። የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክም በዚያው አካባቢ ሲከለል ከረዩ በአንድ ወገን በአገዳ፣ በሌላው በሳላ ተያዘ። ተንዳሆ ላይ የእንግሊዙ ኩባንያ ሚቸል ኮትስ ሰፊ የጥጥ እርሻ ከፈተ። አሚባራና መልካ ሰዲም በባለሀብቶች ጥጥ ተያዙ። ከብቱ ከሜዳ የሚመለስበት ወቅትና ጥጡ የሚለቀምበት ወቅት አንድ ነው። መንጋው የለመደውን ሣር ፍለጋ ሲደርስ የሚያገኘው ቦይ፣ አጥርና ዘበኛ ሆነ።

እዚህ ላይ ለሌላውም ወገን ፍትሐዊ መሆን አለብኝ። ያ ጥጥ ለድሬዳዋና ለባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ምግብ ነበር። ከወሎና ከትግራይ መሬት የጠበበበት ገበሬ ወርዶ ለቅሞበት፣ ለልጆቹ ልብስና ለግብሩ ብር ይዞ ተመልሷል። ነገሩን ማእከላዊ መንግሥት አፋርን በደለ ብሎ መዝጋትም አይቻልም። የአውሳው ሱልጣን አሊ ሚራህ ሐንፈሬና በዙሪያቸው የነበሩት ባላባቶች ራሳቸው የጥጥ እርሻ ይዘው ነበር፤ ከአዲሱ ኢኮኖሚ ያገኙት ጥቅም ቀላል አልነበረም። በአፋሮችም መካከል ወንዙ ለአንዱ ሀብት፣ ለሌላው የተዘጋ በር ሆነ።

እንግዲህ የ1965ቱ ድርቅ የገባው በዚህ ላይ ነው።

ስለዚያ ረሃብ ስናስብ በዓይናችን የሚመጣው በመንገድ ዳር የተጠለለው የወሎ ገበሬ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1973 የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም ለዓለም ያሳየው እሱን ነው፤ የዘውዱን ወንበር ካናጉት ነገሮችም አንዱ ያ ፊልም እንደነበር የታወቀ ነው። አፋሩ ግን ከአስፋልቱ ርቆ ስለሞተ ካሜራ ብዙም አላገኘውም። ሕንዳዊው የኢኮኖሚክስ ሊቅ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ስለ ድህነትና ረሃብ በሚናገረው መጽሐፉ ለኢትዮጵያ ሙሉ ምዕራፍ ሰጥቷል። ሴን እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ1973 የሀገሪቱ ጠቅላላ የምግብ ምርት እንደተወራው ክፉኛ አልወረደም፤ ከረሃቡ ምድር ከወሎም እንኳ እህል ይወጣ ነበር። አርብቶ አደሩን የጎዳው ሁለት ነገር ተደራርቦበት ነው። ከብቱ አለቀ፤ የተረፈው ከሲታ ከብትም በገበያ የሚያመጣው እህል ከቀን ወደ ቀን አነሰ። ለከብቱ ማለቅ ከሰጣቸው ምክንያቶች አንዱ የበጋው ግጦሽ ለንግድ እርሻ መወሰዱ ነው። ይህ እንግዲህ የአፋር ሽማግሌ ስሞታ ብቻ ሳይሆን የኖቤል ሽልማት ያገኘ ሰው የጻፈው ነው፤ ሽማግሌው ግን ቀድሞ ተናግሮት ነበር።

አብዮቱ ሲመጣ ነገሩ የሚቃና መስሎ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ስለ ዘላን ሕዝቦች የተለየ ክፍል ነበረው፤ በልማድ የሚያግጡበትን መሬት እንዲይዙ መብት ይሰጣል። በሥራ ላይ የሆነው ሌላ ነው። የኩባንያዎቹ እርሻዎች የመንግሥት እርሻ ተባሉ፤ ባለቤቱ ተለወጠ እንጂ ቦዩ በነበረበት ፈሰሰ። ከአዋጁ ጥቂት ወራት በኋላ በአውሳ ውጊያ ተነሣ፣ ሱልጣኑ ወደ ጅቡቲ ተሻገሩ፣ የአፋር ነጻ አውጪ ግንባርም ተመሠረተ። በደርግ ዘመን መስኖው ይበልጥ ተስፋፋ። ሶሻሊስቱም እንደ ባላባቱ፣ ባላባቱም እንደ ባዕዱ ኩባንያ ጎርፉን የሚያዩት በአንድ ዓይን ነበር። በርዕዮተ ዓለም ያልተስማሙ ሰዎች በውሃ ጉዳይ እንዲህ መስማማታቸው እኔን ሁልጊዜ ያስገርመኛል።

መሬቱ ግን በራሱ መንገድ መልስ ሰጠ። ሞቃት በሆነ ምድር ብዙ ውሃ ሲጠጣና የሚንጣፈፍበት መውጫ በወቅቱ ሳይሠራለት ሲቀር ከታች ያለው ውሃ ወደ ላይ ይወጣል፤ ጨውንም ይዞ ይመጣል። በአሚባራ በሺህ የሚቆጠር ሄክታር መሬት በጨው ነጥቶ ተጣለ። የተጣለውን መሬት ደግሞ ፕሮሶፒስ ወረረው፤ በበረሃማነት ላይ ይረዳል ተብሎ የገባ እሾሃማ ዛፍ ነው፤ አሁን በአፋር ከወንዙ ዳር እስከ መንገዱ እንደ ግድግዳ ቆሟል፤ ሥሩ ሣር አያበቅልም። ይህም ማለት እርሻው መሬቱን ሲለቅ እንኳ ግጦሹ አልተመለሰም።

በነገራችን ላይ ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ የተጓዘ ሰው መተሐራ ላይ የበሰቃን ሐይቅ ሳያየው አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከ40 በላይ ነው። መንገዱንና የባቡሩን ሐዲድ አስጨንቋል፣ የከረዩን ግጦሽ ውጧል፤ ውሃው ጨዋማ ስለሆነም ለመጠጥ አይረባም። ገሚሱ ባለሙያ ምክንያቱ ከአካባቢው የመስኖ እርሻ የሚሰርገው ውሃ ነው ይላል፤ ገሚሱ ከምድር ውስጥ ያለውን የስምጥ ሸለቆ እንቅስቃሴ ያመካኛል። የሁለቱ ክርክር የላቦራቶሪ ክርክር ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ጥፋቱ የመስኖው ከሆነ ካሣ የሚጠየቅ አለ፤ የምድር ከሆነ የለም።

ከ1983 በኋላ ያለውን ባጭሩ ልለፈው። የመንግሥት እርሻዎቹ ከፊል መሬት ለጎሳዎች ተመለሰ። ብዙው ጎሳ ግን መሬቱን መልሶ ለባለሀብት አከራየው፤ ኪራዩም ፊርማ ባላቸው ሰዎች እጅ ቀረ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 አርብቶ አደሮች ለግጦሽና ለእርሻ መሬት በነጻ የማግኘትና ከመሬታቸው ያለመፈናቀል መብት እንዳላቸው ይናገራል። አሥር ዓመት ሳይሞላ የተንዳሆና የከሰም የስኳር ዕቅዶች መጡ። የተንዳሆ ግድብ 1.86 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ እንዲይዝ፣ ወደ 60 ሺህ ሄክታር አገዳ እንዲያጠጣ ታቅዶ ነበር፤ የለማው ከዕቅዱ እጅግ ያንሳል። ስኳሩ በወጉ ሳይመጣ ጎርፉ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2015 ኤልኒኞ ክረምቱን ሲያጠፋው በመላ ሀገሪቱ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው የምግብ እርዳታ ፈለገ፤ ቀድመው ከተጎዱት መካከል አፋርና በሶማሌ ክልል ያለው የሲቲ ዞን ነበሩ። አፋርና የሶማሌ ጎሳ የሆነው ኢሳ ለዓመታት የሚታኮሱበት ሰበብ ብዙ ነው፤ ፖለቲካም ንግድም አለበት። ያም ሆኖ ሁለቱም መንጋቸውን ይዘው የሚገፉት ወደዚያችው እየጠበበች ወደሄደች የወንዝ ዳርቻ መሆኑን መርሳት አይገባም።

አሁን ወደ ሕጉ ልመለስ፤ ቁልፉ ያለው እዚያ ይመስለኛል። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ውሃ የኢትዮጵያ ሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት ነው ይላል፤ ለቤት ውስጥ የሚውለው ከሁሉ ይቀድማል ይላል። መልካም ነው። ቀጥሎ በባህላዊ መንገድ ለሚካሄድ መስኖና ለከብት እርባታ ውሃ ለመጠቀም ፈቃድ አያስፈልግም ይላል። ይህም ሲያዩት ቸርነት ነው፤ አርብቶ አደሩን ከቢሮ ምልልስ ያድነዋል። ነገር ግን ውሃ ሲያንስና ክፍፍል ሲመጣ ስኳር ፋብሪካው የያዘው ወረቀት አለው፤ በወረቀቱ ላይ ይህን ያህል ሜትር ኩብ ተብሎ ተጽፏል። ፈቃድ የማያስፈልገው ሰው የሚያሳየው ወረቀት የለውም። ጎርፍ የሚጠብቅ ሣር ደግሞ ይብስበታል፤ ቦይ ስላልተቆፈረለት፣ ፓምፕ ስላልተተከለለት፣ በሒሳቡ ውስጥ ውሃ ተጠቃሚ ሆኖም አይቆጠርም። በ1948 ደብተር የለህም የተባለው ሰው በ1992 ፈቃድ አያስፈልግህም ተባለ፤ ሁለቱም ያደረሱት ወደ አንድ ቦታ ነው።

የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንላለን። የአዋሽ ልጅ ግን ውሃው በቦይ ሲያልፍ ቆሞ እያየ ነው የተጠማው።

«ታዲያ ምን ይደረግ? ግድቡ ይፍረስ? አገዳው ይነቀል?» የሚለኝ ይኖራል። እንደዚያ የሚል ሰው አላጋጠመኝም፤ እኔም አልልም። በሌላ ሀገር ተሞክሮ የታየ መንገድ አለ፤ ጎርፉን አስቦ መልቀቅ። በሰሜን ካሜሩን እ.ኤ.አ. በ1979 ለሩዝ መስኖ የማጋ ግድብና ረጅም የአፈር ክትር ተሠርቶ የሎጎን ወንዝ የጎርፍ ሜዳ ደረቀ፤ ሣሩ ጠፋ፣ ዓሣው ቀነሰ። እ.ኤ.አ. በ1994 ከተዘጉት የውሃ መውረጃዎች አንዱን ለሙከራ ሲከፍቱት ሜዳው እንደገና ረጠበ፤ ከዓመት ዓመት የሚቆየው ሣር ተመለሰ፣ ከብት አርቢዎቹም ተከተሉት። በማሊ የሚገኘው የማናንታሊ ግድብም ለሴኔጋል ወንዝ ዳር ገበሬዎች ሰው ሠራሽ ጎርፍ ይለቅቅ ነበር፤ ተርባይኖቹ ሥራ ሲጀምሩ ግን ጎርፉ ከኤሌክትሪኩ ጋር ተጣላ፤ ክርክሩም ቀላል አልነበረም።

ይህ የመጨረሻው ለእኛ ትምህርት አለው። ቆቃ ውሃውን አጥብቆ የያዘው በመጀመሪያ ለመብራት ነበር። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት ዐቅም አለው። የቆቃ 43 ሜጋዋት በ1952 ሀገር ያበራ ነበር፤ ዛሬ ግን ለጥቂት የክረምት ሳምንታት ቢጎድል ብሔራዊ ጉዳት ነው ሊባል አይችልም። ስለዚህ ጎርፍ መልቀቅ መብራት ያጠፋል የሚለው መከራከሪያ ጉልበቱ አልቋል። የቀረው ተከራካሪ አገዳው፣ ጥጡና ከተማው ነው፤ ከእነሱ ጋር ደግሞ ፊት ለፊት መነጋገር ይቻላል። ከተማ ስል ራሳችንን ጨምሬ ነው። አዲስ አበባ የምትጠጣው የለገዳዲ፣ የድሬና የገፈርሳ ውሃ የአዋሽ ተፋሰስ ውሃ ነው፤ በአቃቂ ወንዝ መልሰን የምንልከው ምን እንደሚመስል ድልድዩ ላይ የቆመ ሁሉ ያውቀዋል።

ችግሩ ከባድ የሚሆነው በሌላ በኩል ነው። ጎርፍ ለረጅም ጊዜ ሲቀር ሰው በጎርፉ መኝታ ላይ ይሰፍራል። በ2012 ክረምት ግድቦቹ ሞልተው አዋሽ ሲወጣ በአፋር በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቤቱ ተፈናቀለ። ያ ውሃ ያለ ቀጠሮ፣ ያለ መንገድ፣ በሌሊት የመጣ ውሃ ነው። ሣር የሚያበቅል ጎርፍ ቀኑ አስቀድሞ የተነገረ፣ መውረጃው የተከፈተለት፣ ሰፈሩ በክትር የተጠበቀለት መሆን አለበት። ቆቃም በደለል ስለተሞላ እንደ ጥንቱ ውሃ አይዝም፤ የሚለቀቀው መጠን ክረምቱ እየታየ በየዓመቱ መወሰን ይኖርበታል፤ ውሳኔውም ግድቡ ከመሙላቱ በፊት፣ በሰኔ፣ የአፋርና የከረዩ ሽማግሌዎች በተቀመጡበት መሆን አለበት። ሽማግሌዎቹ ለምርቃት ሳይሆን ለድምፅ ይቀመጡ፤ ሣሩ በየትኛው ሳምንት ውሃ ካላገኘ እንደማይነሣ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ወጪውንም ማን ይሸከመው የሚለው ጥያቄ መልስ የለውም አይባልም። በአዋሽ ለመስኖ ውሃ ለብዙ ዓመታት ሲከፈል የኖረው ለ1,000 ሜትር ኩብ 3 ብር ነው። አንድ ሺህ በርሜል አላልሁም፤ አንድ ሺህ ሜትር ኩብ ነው፤ አንድ ሚሊዮን ሊትር ማለት ነው። በዚህ ዋጋ ውሃ የሚቆጥብ እርሻ አይገኝም፤ ለመቆጠብም ምክንያት የለውም። ዋጋው ከፍ ቢልና ጭማሪው ለክትር፣ ለመውረጃና ለፕሮሶፒስ ምንጠራ ቢውል እርሻው ራሱ የሚያተርፈው ውሃ ለጎርፉ በቂ ድርሻ ያወጣል ብዬ እከራከራለሁ። በአዳራሹ ውስጥ የመስኖ መሐንዲሶች እንዳሉ አያለሁ፤ በጥያቄው ሰዓት ሙግታቸውን ከዚሁ ቢጀምሩልኝ ደስ ይለኛል።